የቬርና አምስት የብረት በጎች

በእኛ ከተማ ዕድሜው ከአርባ በታች የሆነ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ የቬርና ሎከንን ቁጣ ቀምሷል። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱን ቢጫ አውቶቡስ ነድታለች። ዛሬ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ የሆነው ሰውዬ እንኳ መንገድ ላይ ሲያያት ሳይታወቀው ወገቡን ቀና ያደርጋል። እኔ የአውቶቡሶቹ መካኒክ ስለነበርኩ ያንን የቁጣ ድምፅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ጆሮዬን ያደከመው የሞተር ጩኸት ነው ብዬ ለሐኪሙ የነገርኩት ውሸት ነው።

በግንቦት ጡረታ ወጣች። ትምህርት ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለማት። አንድ ቀን እንኳ ሳታረፍድ ለኖረች ሴት ሰዓት መሸለም ምን የሚሉት ነገር ነው? እሷም ሰዓቱን ዶሮ ቤቱ ውስጥ ሰቀለችውና በማግስቱ ጠዋት ወደ ሙሬይ ሱቅ ሄደች። እኔም ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ሲባጎ ልገዛ እዚያው ነበርኩ።

ሙሬይ ጠመንጃም፣ ሽጉጥም፣ የዓሣ መንጠቆም ይሸጣል። የኢላማ ተኩስ ክበባችን ሊቀመንበርም እሱ ነው። መስታወቱ ሥር ከጥር ጀምሮ አንድ ሽጉጥ ተቀምጦ ነበር፤ ባለ አርባ አራት፣ ስድስት ጎራሽ፣ አፈሙዙ ከስንዝር የሚያልፍ፣ ብረቱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ እጀታው የዋልነት እንጨት። ከተማው ውስጥ ያላየው ሰው አልነበረም። የቬርና ታላቅ ወንድም አርደን ደግሞ በየቅዳሜው እየመጣ ያስወጣዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ዋጋውን ይሰማል፣ ይተክዛል፣ ይመልሰዋል።

ቬርና ሽጉጡን ተቀብላ ከበሮውን ከፈተች። ስድስቱም ጉድጓዶች ባዶ መሆናቸውን በጣቷ ጭምር ዳሰሰች። ከበሮውን አሽከረከረችና እንደ ሞተር ጆሮዋን ደቅና አዳመጠችው። ከዚያ አፈሙዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጋ ውስጡን አየች።

«ለማን ነው? ለአርደን ስጦታ?» አላት ሙሬይ።

«ለቬርና ስጦታ።»

«እንዴ! ወንድምሽ እኮ አራት ወር ሙሉ እየተመላለሰ…»

«አራት ወር ሙሉ አጭቶ ያላገባ ሰው፣ ጥፋቱ የማን ነው?» አለችው።

ሙሬይ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወረቀቱን አወጣ። ስሟን ሞላች፣ እሱም ወንጀል እንደሌለባት ለማጣራት ስልክ ደወለ፤ ምንም አልተገኘባትም። ምን ሊገኝባት? ሙሉ ዋጋውን ከፍላ ሳጥኑን ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ወጣች። እንዲህ ፊቷ በርቶ አይቻት አላውቅም።

አርደን በዚያው ቀን ከሰዓት ሰማ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ስንዴ ሲያርስ የኖረ፣ ጀርባው ሰፊ፣ አንገቱ ፀሐይ የጠበሰው ሰው። የክበባችን ጎጆ ውስጥ ግድግዳው ላይ አንድ ሳንቃ አለ። በሽጉጥ አምስት የብረት በጎችን በአምስት ጥይት የጣለ ሰው ስሙ እዚያ ሳንቃ ላይ በቀለም ይጻፋል። የአርደን ስም ሰባት ቦታ አለ። የሴት ስም አንድም የለም።

ወሬውን ሲሰማ በቀጥታ ጎጆው መጣ። ቅዳሜ ስለነበር ሁላችንም ምሳ ላይ ነበርን፤ ቬርና ከእኔ ጎን ተቀምጣ ቋሊማዋን ትቆርጣለች።

«ሚጡ» አላት። ስልሳ ሦስት ዓመት ሞልቷት ዛሬም ሚጡ ነው የሚላት። «ያ ሽጉጥ የእኔ ነው።»

«ታዲያ ሙሬይ መስታወት ሥር ምን ይሠራ ነበር?»

«ዋጋው እስኪቀንስ እየጠበቅኩ ነዋ!»

«ጠብቃ። እኔ እንደሆንኩ ማርፈድ አልወድም።»

«የእጅሽን አንጓ ነው የሚሰብረው። አውቶቡስ መሰለሽ እንዴ? በግ ይቅርና ዶሮ አትጥይበትም።»

ቬርና ሹካዋን አስቀመጠች። «በመስከረም ውድድር አምስቱንም እጥላለሁ።»

«ካልጣልሽስ?»

«በገዛሁበት ዋጋ ትወስደዋለህ። ከጣልኩ ግን ስሜን ሳንቃው ላይ የምትጽፈው አንተ ነህ፤ በገዛ እጅህ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እኛ ዘንድ ጎጆው ውስጥ፣ በሰው ፊት የተባለ ነገር በጠመኔ በሩ ላይ ይጻፋል፤ ነገሩ እስኪለይለትም ማንም አያጠፋውም። ነጥብ መዝጋቢው እኔ ስለሆንኩ ጠመኔውን አነሳሁና ጻፍኩት። አርደንም በበኩሉ «ያ ሽጉጥ እጄ እስኪገባ ሌላ አልተኩስም» ብሎ ማለ። እልኸኛ ዘር ናቸው።

አሁን ስለ በጎቹ ልናገር። የእኛ ጨዋታ ወረቀት መብሳት አይደለም። ከወፍራም ብረት የተቆረጡ ዶሮዎች፣ አሳማዎች፣ ሌሎችም በየርቀታቸው ይቆማሉ፤ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ደግሞ ቀንዳም በጎች አሉ። አንዱ በግ ከሃያ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከእግሩ ሥር ያለው ሐዲድ ላይ ነው የሚቆመው። ሕጉ አንድ ነው፤ መምታት አይበቃም፣ መውደቅ አለበት። የተመታና የቆመ በግ፣ ያልተመታ በግ ነው።

የምንተኩሰው በጀርባችን ተንጋለን፣ ጉልበታችንን አጥፈን፣ ሽጉጡን ከባታችን ጎን አስደግፈን ነው። ከከበሮውና ከአፈሙዙ መካከል የሚፈናጠረው እሳት ሱሪ ስለሚበሳ እግራችን ላይ ወፍራም ቆዳ እናስራለን። ቬርና ቆዳዋን ከአሮጌ ኮርቻ ቆርጣ ሰፋች። የጆሮ መከላከያዋን አደረገች፣ ምንጣፏ ላይ ተንጋለለች፣ የመጀመሪያዋን ጥይት ወደ አንዷ ዶሮ ላከች። ምድሩ ደንገጥ አለ። ዶሮዋ ከሐዲዱ ተሽቀንጥራ ጠፋች። ቬርና ሳቀች፤ ከሆዷ፣ እንደ ልጅ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስትስቅ የሰማኋት አራት ጊዜ ቢሆን ነው። ያን ቀን ብቻ ሃምሳ ጥይት ተኩሳ ሃምሳ ጊዜ ሳቀች።

ችግሩ በሰኔው ውድድር መጣ። እኛ ጥይት ከሱቅ አንገዛም፤ ቀለሁን አጥበን፣ ባሩዱን መዝነን፣ እርሳሱን ራሳችን እንገጥማለን። ቬርና ደግሞ ለእጅ አንጓዋ አዝና ባሩዱን ቀነስ አድርጋ ነበር። የመጀመሪያው በግ ላይ ተኮሰች። ከሁለት መቶ ሜትር ላይ ብረቱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲጮኽ ሁላችንም ሰማን።

«መታሁት!» አለች።

«መታሽው» አልኳት። «ግን ቆሟል።»

ሁለተኛውም ጮኸ፤ ቆመ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ከኋላ አርደን ባርኔጣውን አንስቶ ለበጎቹ ሰላምታ ሰጠ።

«ሚጡ፣ ቀለማችንን ስላራገፍሽልን እናመሰግናለን እያሉሽ ነው!»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። በሚቀጥለው ሳምንት ባሩዱን ወደ ሙሉ መጠኑ መለሰችው። አሁን ደግሞ የሚመታው ጠፋ። ጥይቱ ሁሉ ከበጎቹ እግር በታች አቧራ ያስነሳል። ማነጣጠሪያው ተበላሽቷል አለች፤ ሙሬይ ወስዶ አራት ተኩሶ አራት ጣለበት። ነፋሱ ነው አለች፤ ሣሩ እንኳ አልተንቀሳቀሰም ነበር።

«ሽጉጡን ስጪኝ፣ እኔ ላጉርስልሽ» አላት ሙሬይ። ጀርባውን ሰጥቷት ከበሮውን ሞላና መለሰላት። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ እውነተኛ ጥይት፣ ሌላው ውስጥ ባዶ ቀለህ አድርጎ ነበር፤ የትኛው የቱ እንደሆነ አልነገራትም። ቬርና አነጣጠረች፣ ምላጩን ሳበች። ጠቅ። ጥይት የለም፤ አፈሙዙ ግን እንደሚጠጣ በቅሎ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ሽጉጡ ሳይጮኽ በፊት እጇ ደንግጦ ወደ ታች እንደሚጫነው ሁላችንም አየን፤ እሷም አየች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። ከበሮውን ባዶ አድርጋ ተነሣችና መኪናዋ ጋ ስትሄድ ተከተልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። የማላውቃት ይመስል!

«በረዶ ላይ፣ አውቶቡሱ ሳይንሸራተት በፊት ፍሬን የሚረግጠውን ጀማሪ ሾፌር ታውቀዋለህ?» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ። ጥገናውን ማን ይሠራ ነበር?»

«ስንቱን ከመሪው ላይ አውርጃለሁ መሰለህ። አሁን ያ ሰው እኔ ነኝ።» በሩን ከፈተች። «መድኃኒቱን ደግሞ ለሁሉም ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ባዶ ሜዳ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ እግሩ እስኪረሳው ድረስ።»

ይህንኑ እስከ መስከረም ድረስ ሠራችው። ማታ ማታ ሽጉጡን ባዶ አድርጋ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል ቆልፋ፣ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም ታስቀምጣለች፤ ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን ትስባለች። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሙሬይ ባዶና ሙሉ እየቀላቀለ ያጎርስላታል። በሐምሌ መጨረሻ ባዶው ላይ አፈሙዙ ንቅንቅ ማለት ተወ። በነሐሴ ከአምስት በግ አራት ትጥል ጀመር። ደስታዋን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም። ባሩድ የሚሸት ሸሚዟን ለብሳ ዳቦ ቤት ትገባለች፤ ሰልፍ ላይ ላገኘችው ሁሉ የትኛው በግ በየት በኩል እንደወደቀ ታስረዳለች። ከዚያ በፊት ከአውቶቡስ በቀር የራሷ የምትለው ነገር አልነበራትም፤ አውቶቡሱም የትምህርት ቤቱ ነበር። ሽጉጡን ለአርደን አሳልፎ መስጠት የሚለውን ሐሳብ በአፏም አታነሳውም።

አርደን መሐላውን ጠብቆ አንድም ቀን አልተኮሰም። ግን አልቀረም፤ በየውድድሩ መጥቶ በጎቹን ያቆማል፣ በነጭ ቀለም ይረጫል፣ ይቀልዳል። በሐምሌ አንድ ጊዜ ሲወጣ በጭነት መኪናው የክበቡን በር ምሰሶ ገጨ። «ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው» አለ። ምሰሶውን አቃንተን ተውነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በውድድሩ ቀን ግማሹ ከተማ መጣ። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ነፋስ የሌለው ነበር። ቬርና ዶሮዎቹንና አሳማዎቹን እንደ ቀላል ነገር ጠራረገቻቸው። ተራዋ በጎቹ ጋ ሲደርስ ሁሉም ዝም አለ። ተንጋለለች፣ አምስት ጥይት አጎረሰች።

አንድ፤ ወደቀ። ሁለት፤ ወደቀ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛውም ገና እንደተነኩ ወደ ኋላ ተገለበጡ። ሕዝቡ ጮኸ። ሙሬይ ባርኔጣውን ወረወረ። እኔ መዝገቤ ላይ አምስት ብዬ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። አርደንም ያጨበጭባል፤ እንዲያውም ከሁሉም በላይ የሚያጨበጭበው እሱ ነበር። ይህ ትንሽ ገርሞኝ ነበር።

ሽጉጦች ሁሉ ባዶ ሆነው፣ ቀይ ባንዲራ ወጥቶ፣ በጎቹን መልሰን ለማቆም ወደዚያ ሄድን። ቬርና የራሷን በጎች ልታይ ቀድማን ደረሰች። ሐዲዱን አየችና ቆመች። እኔም ደርሼ አየሁ። አርደን በጎቹን ካቆመ በኋላ ነበር ቀለም የረጨባቸው፤ ስለዚህ ሐዲዱ ነጭ ሆኖ፣ እግራቸው የነበረበት ቦታ ብቻ ቀለም ሳይነካው ቀርቷል። የሌሎቹ ተኳሾች በጎች እግር ምልክት ሐዲዱ መሐል ነው። የቬርና በጎች ግን፣ አምስቱም፣ ጫፉ ላይ ነበሩ፤ ግማሽ እግራቸው ከሐዲዱ ውጭ ተንጠልጥሎ። እንዲህ የቆመን በግ ድንቢጥ ብታስነጥስበት ይወድቃል።

«አምስቱን ሰርዝ» አለችኝ።

«ቬርና፣ ከእኔና ካንቺ በቀር ማን አየ?»

«እኔ አይቻለሁ። ሰርዝ።»

ወደ ሙሬይ ሄዳ በሰው ፊት «በጎቹ በደንብ አልቆሙም ነበር፤ ድጋሚ መተኮስ እፈልጋለሁ» አለችው። ማን እንዳቆማቸው አልተናገረችም።

ሙሬይ ጢሙን አሻሸ። «ስቶ ድጋሚ የሚጠይቅ በየዓመቱ አያለሁ። አምስት ጥሎ የጠየቀ አላየሁም። ይሁን፣ እኔ ራሴ አቆማቸዋለሁ።»

ከዚያ አርደንን ክንዱን ይዛ ከውኃ በርሜሉ ኋላ ወሰደችው። እኔ መዝገቤን ይዤ ሦስት እርምጃ ራቅ ብዬ ነበር። መራቅ ነበረብኝ፤ አልራቅኩም።

«ጋሼ፣ ምን ሠራህ?» አለችው። ጋሼ የምትለው በጣም ስትናደድ ነው። «አልችልም ብለህ ነው? ልታዝንልኝ ነው? በዚህ ዕድሜዬ አሻንጉሊት ልታደርገኝ?»

«ላንቺ አይደለም» አላት።

«ታዲያ ለማን ነው?»

አርደን ዙሪያውን አየ። እኔን ያላየኝ መሰለኝ፤ ለካ እውነትም አላየኝም። «ብትሸነፊ ሽጉጡን እወስደዋለሁ። ከወሰድኩት መተኮስ ሊኖርብኝ ነው፣ እዚህ ሁሉ ሰው ፊት። ሚጡ፣ ካለፈው ታኅሣሥ ጀምሮ የፊቱ ማነጣጠሪያ አይታየኝም። በጎቹም አይታዩኝም። ሙሬይ ሱቅ ስመላለስ እየገዛሁ መሰለሽ? በእጄ ስዳስሰው ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ቬርና ክንዱን ለቀቀችው።

«ድጋሚውን ተይው» አላት። «ብትስቺስ?»

«ብስት ትወስደዋለህ፤ ቃል ቃል ነው። ደግሞ አልስትም። ና፣ ከኋላዬ ተቀመጥ።»

«ምን ላደርግልሽ? አላይም እኮ አልኩሽ።»

«ካላየህ ስማ።»

እያንዳንዱ ተኳሽ ከኋላው ተቀምጦ የጥይቱን ማረፊያ በሩቅ ማሳያ መነጽር አይቶ የሚነግረው ሰው አለው። ቬርና ቦታውን ለአርደን ሰጠች። እሱም መነጽሩን ሳይነካ፣ የተኩሱን ጩኸት ብቻ የሚያፍን መከላከያ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ቀልድ መሰለው። ሙሬይ በጎቹን ሐዲዱ መሐል አቁሞ፣ ተመልሶ ባንዲራውን አወረደ።

የመጀመሪያው ተኩስ ወጣ። ብረቱ ጮኸ፤ ቀጥሎ ከባዱ ነገር ጠጠሩ ላይ ዱብ ሲል ተሰማ።

«አንድ» አለ አርደን።

ሁለተኛው። «ሁለት። ደረቱን ነው ያገኘሽው፣ ድምፁ ወፍራም ነው።»

ሦስተኛው። «ሦስት።» አራተኛው። «አራት፤ ትንሽ ወደ ጭራው ሄዷል፣ ወደ ደረቱ መልሺው።»

አምስተኛው ላይ ቆየች። ትንፋሿን አወጣች፣ ደገመች። ተኮሰች። የብረቱ ድምፅ ቀጭን ነበር፤ ጫፉን ነው የነካችው። በመነጽሬ አየሁት፤ በጉ በአንድ እግሩ ዞረ፣ ተወዛወዘ፣ ተመለሰ። ከኋላዬ አንድ ሰው «ቆሟል» አለ።

«ዝም በል» አለ አርደን፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

በጉ እንደገና ተወዛወዘ። ከዚያ ዱብ አለ።

«አምስት» አለ አርደን። ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

ቬርና ከበሮውን ከፍታ አምስቱን ቀለህ መሬት ላይ አራገፈችና ባዶውን ሽጉጥ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ወንድሟን አቀፈችው። በሰው ፊት ሲተቃቀፉ ያየ ሰው አልነበረም።

ጎጆው ውስጥ አርደን በሩ ላይ ያለውን ጠመኔ በክንዱ ጠረገ። ብሩሽና ቀለም ሰጠነው። የእህቱን ስም ሳንቃው ላይ ጻፈ፤ መስመሩን ስቶ፣ ሰያፍ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ የራሱን ስም ግማሹን ሸፈነው። ያኔ ሁሉም ሰው ገባው። ሙሬይ በኋላ አስተካክለዋለሁ ሊል አፉን ሲከፍት ቬርና በቁጣ አየችው፤ አፉን ዘጋ።

ወደ መኪኖቹ ስንወጣ አርደን ወደ ጭነት መኪናው አመራ። ቬርና ቀድማ በሩ ጋ ቆመችና መዳፏን ዘረጋች።

«ቁልፉን።»

«የምን ቁልፍ?»

«በሐምሌ ምሰሶውን የገጨው ፀሐይ አይደለም። ቁልፉን፣ አርደን።»

«ሽጉጤን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ መኪናዬን?»

«ሽጉጡ የእኔ ነው። በየቅዳሜው መጥተህ ትዳስሰዋለህ፣ ቁጥሩንም ከኋላዬ ትቆጥርልኛለህ። ሰኞ የዓይን ሐኪም ጋ እወስድሃለሁ። አሁን ዙርና ከጎኔ ተቀመጥ። ቀበቶህንም እሰር።»

አርደን ሎከን ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በዕድሜው ማንም አዝዞት አያውቅም። ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠ። መኪናውን በእጁ እየዳሰሰ ዞረና ከጎኗ ተቀመጠ፤ ቀበቶውንም አሰረ።